ሐይቅ ዳር መሬት ላይ የሚጥሉ ወፎችን መጠበቅ፦ የበጎ ፈቃደኛው ሥራ ከጎጆ እስከ ጫጩት

በጋ ገፍቶ የሐይቁ ውሃ ሲሸሽ በውሃውና በማሳው መሀል ባዶ መሬት ይቀራል፤ አሸዋ፣ ጠጠር፣ የተሰነጣጠቀ ጭቃ። ለከብት ውሃ መውረጃ ነው፣ ለልብስ አጣቢ ማስጫ፣ ለዓሣ አጥማጅ መረብ ማድረቂያ፣ ለልጆች ኳስ ሜዳ። ለጥቂት የወፍ ዓይነቶች ደግሞ ቤት ነው። እነዚህ ወፎች ዛፍ ላይ ወጥተው ጎጆ አይሠሩም፣ ደንገል ውስጥም አይደበቁም። ሜዳው ላይ በደረታቸው ተሽከርክረው የሻይ ማስቀመጫ ሳህን የምታህል ጎድጓዳ ያበጁና እንቁላላቸውን እዚያው ይጥላሉ። እንቁላሉ የጠጠሩን መልክ ስለያዘ ሁለት እርምጃ ላይ የቆመ ሰው እንኳ ላያየው ይችላል።

ወሎ ባሕር ባይኖረውም ዳርቻ አያጣም። ሐይቅ የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ የባሕር ዳር ማለት ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የሐይቅ ዳርቻ፣ ከእሱ ከፍ ብሎ የተቀመጠው አርዲቦ፣ በደሴ ደቡብ ያለው ማይባር፣ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ረግረግ፣ ሁሉም እንዲህ ያለ መሬት አላቸው። እዚህ ወፍ ለመጠበቅ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ሥራው ከወፏ ጋር አይደለም። ወፏ መታቀፍም መፈልፈልም ማንም አያስተምራትም። ሥራው ሰውና ከብት ለሁለት ወር ያህል ትንሽ ዞር እንዲሉላት ማግባባት ነው። ይህን የዘነጋ በጎ ፈቃደኛ በቅን ልቦናው ጎጆውን ያጠፋል።

የምንጠብቃቸው እነማን ናቸው?

በሐይቆቻችን ዳር ቀድማ ዓይን ውስጥ የምትገባው ትሪ ባንድድ ፕሎቨር የምትባለው ትንሽ ወፍ ናት። ነጭ ደረቷን ሁለት ጥቁር ቀበቶዎች ያቋርጡታል፤ በመሀላቸው ያለው ነጭ ሲቆጠር ሦስት ይሆናል፣ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። ዓይኗን ቀይ ቀለበት ይዞረዋል፤ መንቁሯ ከሥሩ ቀይ፣ ከጫፉ ጥቁር ነው። ጥቂት ትሮጣለች፣ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ደግሞ ትሮጣለች። ብዙውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች። ወንዱም ሴቷም በተራ ከ26 እስከ 31 ቀን ይታቀፋሉ።

ኪትሊትዝ ፕሎቨር የምትባለው ዘመዷም ሁለት እንቁላል ትጥላለች። የእሷን ጠባይ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነውና። ከጎጆዋ ለመነሳት ስትገደድ ወዲያው አትበርም። እንቁላሎቹ ላይ ቆማ በእግሮቿ ግራና ቀኝ አፈሩን እየጫረች፣ ቦታዋ ላይ እየዞረች ትሸፍናቸዋለች። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ጎጆ የነበረው ቦታ ተራ አፈር ይመስላል። ተመልሳ ስትመጣ እንደገና ገላልጣ ትታቀፋለች። አፈሩ እንቁላሉን ከቁራ ዓይን ይሰውርላታል፣ ከፀሐይም ይጋርድላታል። እንግዲህ አንድ ሰው ቀስ ብሎ፣ ከሩቅ እየታየ ቢመጣ ለመሸፈን ጊዜ ታገኛለች። ከጉብታ ጀርባ በድንገት ብቅ ያለ ሰው፣ ወይም በሩጫ የደረሰ ውሻ ግን እንቁላሉን ራቁቱን ያስቀረዋል።

ሦስተኛዋ ትልቅ ናት። ጥቁር ራስ፣ ነጭ ጉንጭ፣ ረጅም ጥቁር እግር አላት፤ በክንፏ መታጠፊያ ላይ ሹል እሾህ አለ። ስፐር ዊንግድ ላፕዊንግ ትባላለች። አራት ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ ሰው ሲቀርባት አትደበቅም፣ እየጮኸች ራሱ ላይ ትወርዳለች። ሙቀት ሲበረታ ውሃ ውስጥ ገብታ የሆዷን ላባ አርሳ ትመለስና እንቁላሎቹን ታቀዘቅዛለች። ይህ ሁሉ ምልልስ የሚሳካው ከጎጆው እስከ ውሃው ያለው መንገድ ክፍት ሲሆን ነው።

ከሐይቅ ርቀው በደቡብና በሰሜን ወሎ ደጋማ ግጦሾች የሚገኙ ሰዎች ደግሞ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነችውን፣ ደረቷ ነጠብጣብ የሆነውን ላፕዊንግ ሊያዩ ይችላሉ። እሷም መሬት ላይ ትጥላለች፤ ከታች የምንለው ለእሷም ይሠራል።

እንቁላሉን የሚገድለው ምንድን ነው?

ሰው ሁሉ ቁራንና ቀበሮን ይላል። እውነት ነው፣ ይበላሉ። ነገር ግን በእኛ ዳርቻ ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው በቀትር ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ነገሮች በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ።

የወፍ እንቁላል ውስጥ ያለ ጽንስ በደህና የሚያድገው 37 ወይም 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። 41 ዲግሪን ካለፈ ለሞት ይቃረባል። ቀዝቃዛ ሲሆን እድገቱ ይዘገያል እንጂ ቶሎ አይሞትም፤ ሙቀት ግን ፋታ አይሰጥም። በበጋ ቀትር ላይ አሸዋው በባዶ እግር አያስቆምም። ስለዚህ ወፏ ቀን የምትቀመጠው እንቁላሉን ለማሞቅ ሳይሆን ጥላ ለመሆን ነው። ከብት ውሃ የሚወርደውም በዚሁ ሰዓት ነው። መንጋው ሲመጣ ወፏ ትነሳለች። ከብቱ ጠጥቶ፣ ልጆቹ ዋኝተው፣ ሁሉም እስኪመለስ ሰዓት ያልፋል። አንድም ኮቴ እንቁላሉን ሳይነካ እንቁላሉ በስሎ ይቀራል። በማግስቱ ወፏ አሁንም ታቅፋው ትታያለች፤ ሰውም ደህና ነው ይላል።

ኮቴውም ቀላል አይደለም። ለምሳሌ 40 ከብት በቀን ሁለት ጊዜ በአንድ መውረጃ ቢያልፍ በ28 ቀን 2,240 ጊዜ ማለት ነው። ጎጆው መውረጃው ላይ ከሆነ የመትረፍ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው፤ ከመውረጃው ራቅ ካለ ግን ተስፋ አለው። ለዚህ ነው መውረጃውን 50 ወይም 60 ሜትር ማዞር ከየትኛውም አጥር የሚበልጠው።

ጎጆውን መፈለግ

ጊዜው ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት፣ ዝናብ ሲጥልና ነፋስ ሲበረታ ፈጽሞ አይፈለግም። የሚያስፈልገው 8 ጊዜ የሚያቀርብ ባይኖኩላር፣ ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ነው። ዳርቻውን እያሰሱ መሄድ አያስፈልግም፤ ማሰስ ራሱ እንቁላል መርገጥ ነው። 80 ወይም 100 ሜትር ርቆ፣ ከጀርባ ዛፍ ወይም ድንጋይ ይዞ መቀመጥ ይሻላል። ወፏ እየሮጠች፣ እየቆመች ትመጣና አንድ ቦታ ላይ ላባዋን ነፋ አድርጋ፣ ግራ ቀኝ ተመቻችታ ቁጭ ትላለች። ካልተነሳች ጎጆው እዚያ ነው።

ወፏ ክንፏን እየጎተተች፣ የተሰበረች መስላ ከፊት ብትንፏቀቅ ሰውየው ጎጆው ወይም ጫጩቱ አጠገብ ደርሷል ማለት ነው። እየተከተሏት መሄድ የለም። ቀጥ ብሎ መቆም፣ እግር ሥር ማየት፣ በራስ ዱካ ላይ እየረገጡ በመጡበት መመለስ ነው።

ቦታው ሲታወቅ ከሁለት አቅጣጫ ምልክት ይያዛል። «ከትልቁ ዋርካ ወደ ገዳሙ ጫፍ ባለው መስመር፣ ከውሃው 12 እርምጃ» ዓይነት ማስታወሻ ይበቃል። የስልክ ካርታ አምስት ሜትር ያህል ሊሳሳት ስለሚችል ብቻውን አይታመንም። ጎጆው አጠገብ እንጨት መትከል፣ ጨርቅ ማሰር፣ ድንጋይ መከመር ክልክል ነው። ቁራ ብልህ ወፍ ነው፤ ሁለት ጎጆ በምልክት ካገኘ ሦስተኛውን ምልክት ራሱ ይፈልጋል።

የጎጆውን ፎቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍም ከዚህ አይለይም። ፎቶ ከተነሳ ለመዝገብ ይሁን፤ የስልኩ የቦታ መጠቆሚያ ይጥፋ።

ቀን መቁጠር

መታቀፉ በደንብ የሚጀምረው የመጨረሻው እንቁላል ከተጣለ በኋላ ነው። የካቲት 5 ቀን አንድ እንቁላል፣ የካቲት 8 ቀን ሁለት እንቁላል ከታየ ቆጠራው ከ8 ይጀምራል። ለትሪ ባንድድ ፕሎቨር 26 ቀን ሲጨመር መጋቢት 4፣ 31 ቀን ሲጨመር መጋቢት 9 ነው፤ ጫጩት የሚጠበቀው በዚህ መሀል ነው። ጫጩቶቹ እስኪበሩ ደግሞ ከአንድ ወር እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ስለዚህ ጥበቃው እስከ ሚያዝያ 21 ሊዘልቅ ይችላል። ጎጆው ሲገኝ ሁለቱም እንቁላል ካሉ ዕድሜው አይታወቅም፤ ያኔ በየሦስትና አራት ቀኑ ከሩቅ ማየት ነው። እንቁላሉን ውሃ ውስጥ አንሳፎ ዕድሜውን የሚለዩ ባለሙያዎች አሉ፤ ያ ሥልጠናና ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው።

የወሎ በልግ በዚሁ መሀል ይገባል። አንድ ሌሊት የዘነበ ዝናብ ውሃውን ሁለት ሦስት እርምጃ ሊገፋው ይችላል። ጎጆውን አንስቶ ወደ ላይ መውሰድ ለብዙዎች ደግ ሥራ ይመስላል፤ ግን ወፏ የምትመለሰው ወደ ቦታው ነውና እንቁላሉ ብቻውን ይቀራል። ውሃ የወሰደባት ወፍ ብዙ ጊዜ እንደገና ትጥላለች። ያኔ ቦታው ጸጥ ያለ ሆኖ እንዲቆያት ማድረግ ነው የእኛ ፋንታ።

አጥሩ

አጥሩ የሚሠራው ለሰው ዓይን ነው፤ ከብትን በጉልበት አያቆምም። ቅርጹ ሦስት ጎን ብቻ ያለው፣ ወደ ውሃው ክፍት የሆነ ነው፤ ወፏም ጫጩቶቿም ወደ ውሃው ጠርዝ መውረድ አለባቸው። ከጎጆው በየአቅጣጫው 25 ሜትር ቢሰጥ የማሳው ወገን 50 ሜትር፣ ሁለቱ ጎኖች 25፣ 25 ሜትር፣ በድምሩ 100 ሜትር ገመድ ይሆናል። ችካል በየ5 ሜትሩ ሲቆም 21 ችካል ያስፈልጋል፤ ለመጠባበቂያ 24 ይዘጋጅ። ቦታ ካለ ርቀቱ እስከ 50 ሜትር ቢሰፋ እጅግ ጥሩ ነው። ጎጆው ከውሃው ራቅ ያለ እንደሆነ ጎኖቹ እስከ ውሃው ይርዘሙ።

ችካሉ ከመሬት በላይ ከ1 ሜትር አይብለጥ፤ ጫፉ በሰያፍ ይቆረጥ። ረጅምና ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ችካል ለቁራና ለጭላት መቀመጫ ይሆናል፤ ጥበቃ ተብሎ የተተከለው እንጨት መጠበቂያ ማማ ሆኖላቸው ያርፋል። ገመዱ የቃጫ ይሁን፣ ከመሬት 60 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይወጠር። ያረጀ የዓሣ መረብና ቀጭን ናይለን የወፍ እግር ስለሚይዝ አይሆንም። ገመዱ እንዲታይ ጣት የሚያህል ጨርቅ እዚህም እዚያም ማሰር ይቻላል፤ በነፋስ የሚንኳኳ ፌስታል ግን ወፏን ያስበረግጋታል።

እሾህ ቆርጦ ዙሪያውን ማጠር ለእኛ ሰው ቅርብ ሐሳብ ነው፣ እዚህ ግን ይጎዳል። የእሾህ አጥር ሥር ሸለምጥማጥ ይሸሸጋል፣ ላዩ ላይ ቁራ ያርፋል። እሾህ ካስፈለገ አሮጌው የከብት መውረጃ አፍ ላይ ብቻ፣ ከጎጆው ርቆ ይደረግ።

ሥራው በአራት ሰው፣ በጠዋት ቅዝቃዜ፣ ከ20 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ያልቃል። ሁለቱ ችካል ይተክላሉ፣ አንዱ ገመድ ይዘረጋል፣ አራተኛው ምንም ሳይሠራ ወፏን ብቻ ያያል። መዶሻ ድምፁ ስለሚያስደነግጥ አስቀድሞ በብረት ጉድጓድ መብሳት ይሻላል። ከዚያ ሁሉም 100 ሜትር ይርቃል። ወፏ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከተመለሰች ደህና። ካልተመለሰች ሰዎቹ ይበልጥ ይራቁ፤ እንዲያም ሆኖ እምቢ ካለች በአንድ ሰዓት ውስጥ አጥሩ ይነሳ፣ ሌላ ቀን ሰፋ ተደርጎ ይሞከር።

ጎጆውን በሽቦ ሣጥን መክደን በሌላ አገር ይደረጋል። እዚያም ቢሆን ታቅፋ ያለችው ወፍ ስትወጣ ለጭልፊት የምትጋለጥበት ጊዜ ስላለ በባለሙያ ካልሆነ አይደረግም።

እረኛው፣ ቅሬው፣ ዓሣ አጥማጁ

ገመዱ ከመወጠሩ በፊት ንግግሩ ማለቅ አለበት። ከቀበሌውና ከወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይያዛል፤ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነውና መሠረቱ አለ። ነገር ግን መውረጃውን የሚያዞረው ደብዳቤ አይደለም፣ ቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ ዕድር፣ ነው። ቅሬው ሲሰበሰብ ሄዶ ሦስት ነገር ብቻ መናገር ይበቃል፦ ቦታው የት እንደሆነ፣ እስከ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ከብቱ በየት እንደሚወርድ። «እስከ ሚያዝያ 21 ነው፣ ከዚያ ገመዱን እኛው እንነቅላለን» ሲባል ሰው ይስማማል። መጨረሻው ያልተነገረ አጥር ግን መሬት ነጠቃ ይመስላል፤ ቢጠረጠርም አይፈረድም። አዲሱ መውረጃ ከአሮጌው የባሰ ጭቃ ወይም ገደል ከሆነ ሁለተኛው ቀን ላይ ስምምነቱ ይፈርሳል፤ ስለዚህ አስቀድሞ አብሮ ሄዶ ማየት፣ ድንጋይ ካለው መጥረግ ያስፈልጋል።

በጨፋ ነገሩ ሰፋ ይላል። በበጋ ከአፋር ወገን የሚመጡ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን እዚያ ያሰማራሉ፤ ከአካባቢው ሽማግሌ ጋር ብቻ የተደረገ ስምምነት አይበቃም። የማስታወቂያው ጽሑፍም በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ለማያነብም ወፍና እንቁላል ተስሎበት ይሁን። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወገን ደግሞ ፈቃዱ ከገዳሙ ነው፤ ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም ስለማይገቡ የዚያ ተራ ለወንዶች ይሰጣል።

እረኞቹን ልጆች ከማባረር የባሰ ስህተት የለም። ጎጆ የት እንዳለ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «አንተ ልጅ ሂድ!» ከተባለ እልኹን እንቁላል ላይ ይወጣዋል። «ወንድሜ፣ እስቲ ይቺ ወፍ ዛሬ ስንቴ ተነሳች? ቁጠርልኝ» ከተባለ ግን ዘበኛ ይሆናል። በጎጆ ቁጥር ገንዘብ መክፈል ግን አይገባም፤ ልጁ ሳንቲሙን ለማግኘት ዳርቻውን ሁሉ ያስሳል፣ ፍለጋው ራሱ እንቁላል ይረግጣል። ደብተር፣ ባርኔጣ፣ በባይኖኩላሩ ማየት ይበቃዋል።

ዓሣ አጥማጆችን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ዓሣው ሲበለት ሆድ ዕቃው ዳርቻ ላይ ከተጣለ ቁራ፣ ጭላትና አባ ኮዳ ይሰበሰባሉ፤ ትርፉን ሲጨርሱ ወደ እንቁላሉ ይዞራሉ። ግማሽ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ በየቀኑ አፈር ይልበስ። ለውሻ መርዝ የሚለው ሐሳብ ከተነሳ ወዲያው ይቁም። መርዝ የበላውን ውሻ የሚበላው ጥንብ አንሳ ነው፤ ሁድድ ቨልቸር የምትባለዋ ዓይነት ደግሞ ከምድር ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ውስጥ ናት። ውሻን ባለቤቱ በቀትር እንዲያስር ማግባባት ይቻላል።

የተራው አደላደል ቀላል ነው። በቀን ሁለት ሰው፣ ዋናው ሰዓት ከ5 እስከ 9። ሰባት ሰው ካለ እያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ቀን ይደርሰዋል። የሚቀመጡት መውረጃው አፍ ላይ፣ ጎጆውን በጀርባቸው አድርገው ነው። ጥላ፣ ውሃና ኮፍያ ያስፈልጋቸዋል።

እንዲህ ያለ ጥበቃ ፍሬ እንዳለው በሰሜን አሜሪካ አትላንቲክ ዳርቻ ታይቷል። ፓይፒንግ ፕሎቨር የምትባለው ወፍ በ1986 እ.ኤ.አ. በሕግ ስትጠበቅ 790 ጥንድ ያህል ነበረች፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ2,200 ጥንድ በላይ ሆናለች። ከሕጉ ጋር ገመድ፣ ችካልና ዳርቻ ላይ የሚቀመጥ በጎ ፈቃደኛ ነበሩ።

ጫጩቱ ሲወጣ

ብዙዎች ሥራው አለቀ ብለው ገመዱን የሚነቅሉት እዚህ ላይ ነው፤ አደጋው ግን አሁን ይባስ ይሆናል። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በሰዓታት ውስጥ ጎጆውን ለቀው ይሄዳሉ። እናት አትመግባቸውም፤ ውሃው ጠርዝ ላይ ትንንሽ ነፍሳት ራሳቸው ይለቅማሉ፣ ሲበርዳቸውና ሲሞቃቸው ሥሯ ይገባሉ። ስትጮህ ባሉበት ድፍት ብለው ይደርቃሉ፤ ኮቴ ሥር የሚገቡት እንደዚያ ሆነው ነው። የከብት ዱካ ጭቃ ላይ ደርቆ ከሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ወድቀው መውጣት ያቅታቸዋል፤ ቀድሞ በአካፋ ማስተካከል ጥሩ ነው።

ብቻውን ድፍት ብሎ የተገኘ ጫጩት የጠፋ አይደለም። አይነሳም፣ ቤት አይወሰድም፣ ዳቦ አይሰጠውም። ልጆች አንስተውት ከሆነ ወዲያው ከተገኘበት ቦታ ይመለስና ሁሉም ይራቅ። የሰው እጅ ስለነካው ወላጆቹ ይተዉታል የሚባለው እውነት አይደለም፤ በድምፁ ያገኙታል።

መዝገቡ

በየተራው ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ወፍ፣ ምን ስታደርግ፣ ምን አስነሳት፣ ስንት ደቂቃ ቆይታ ተመለሰች ይጻፋል። የመጨረሻዋ ቁጥር ከሁሉ ትበልጣለች። ለአንድ ሳምንት በ7 ሰዓት ላይ 40 ደቂቃ ከጎጆዋ እየራቀች ከሆነ አጥሩ ጠቧል ወይም መውረጃው ቅርብ ነው።

ጎጆው ባዶ ሲገኝ ምን እንደሆነ ማንበብ ይቻላል። በጎድጓዳው አፈር ውስጥ ጥቃቅን የቅርፊት ፍርፋሪ ካለ፣ ወላጆቹም በአቅራቢያው የሚጮኹ ከሆነ ተፈልፍሏል፤ ትልልቁን ቅርፊት ራሳቸው አርቀው ይጥሉታል። ትልቅ ቅርፊትና የአስኳል ቅሪት ካለ ተበልቷል። ኮቴ ዱካ ውስጥ ጠፍጥፎ ከተገኘ ተረግጧል። ምንም ሳይቀር የሰው ዱካ ብቻ ካለ ተወስዷል። የትሪ ባንድድ ፕሎቨር ጎጆ ቆጠራው ከ26 ቀን በታች ሆኖ ባዶ ቢገኝ ተፈለፈለ ተብሎ አይመዘገብም፣ ምንም ያህል ብንመኘው።

ጫጩቶቹ ከመሬት ተነስተው ውሃውን ተሻግረው ሲበሩ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ከታየ፣ ገመዱ ይጠቀለላል። ችካሎቹ 21 መሆናቸው ተቆጥሮ ይነቀላሉ፤ ጉድጓዳቸው ይደፈናል፣ የተረፈ ጨርቅና ሲባጎ ይለቀማል። ቅሬው ዘንድ ተሂዶ መውረጃው መከፈቱ ይነገራል፣ በተባለውም ቀን።